ከሚላኖ እስከ ጥቁር ዐባይ ዳር፤ የአንድ የልብ ሐኪም ትምህርትና ሥራ

ኸሽም ኤል ቂርባ ማለት በዐረብኛ የውሃ ስልቻ አፍ ማለት ነው። ከተማዪቱ የምትገኘው በምሥራቅ ሱዳን፣ ከገዳሪፍ ወደ ከሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በአትባራ ወንዝ ዳር ነው። የእኛ ተከዜ ወደ ቆላ ሲወርድ ሰቲት ይባልና ከአትባራ ጋር ተቀላቅሎ በዚህች ከተማ አጠገብ ያልፋል፤ ስለዚህ ከደጋ የመጣ ሰው የአገሩን ውሃ እዚህ ያገኘዋል። የአስዋን ታላቅ ግድብ መኖሪያቸውን በውሃ ላስጣለቃቸው ለዋዲ ሐልፋ ኑብያውያን አዲስ እርሻ ለማጠጣት ሲባል፣ ወንዙ እዚህ ላይ ተገድቦ ሥራው በ1964 ተፈጸመ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል። ከ1967 ጀምሮ ከኤርትራ፣ በኋላም ከትግራይና ከጎንደር በኩል፣ ጦርነትና ረኃብ ያፈናቀላቸው ብዙ ሰዎች በዚህችው ከተማ ዙሪያና በገዳሪፍ አገር ተጠግተዋል።

ስለ አንድ የልብ ሐኪም ትምህርትና ሥራ ለቤተ ሰብ ገጽ እንድጽፍ ያነሣሣችኝ ከነዚሁ ስደተኞች መካከል የተወለደች፣ ቤቷም ከቤቴ የማይርቅ አንዲት ልጅ ናት። እናቷ እንደ ነገሩኝ፣ በዘጠኝ ዓመቷ ጉሮሮዋን ደጋግሞ አመማት። ሰፈሩ እንደ ለመደው እንጥሏ እንዲቆረጥ ተደረገ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ጉልበቷ አበጠ፤ ከዚያ ቁርጭምጭሚቷ፣ ከዚያም ክርኗ አበጠ፤ ሕመሙ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው ሲዞር ሰንብቶ በራሱ ጊዜ ጠፋ። ሁሉም ዳነች አሉ። ሁለት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ግን ከወንዝ ውሃ ቀድታ ስትመለስ በየመንገዱ ጀሪካኑን እያስቀመጠች ማረፍ ጀመረች። ማታም ጋደም ስትል ትንፋሽ እያጠራት፣ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ታድር ነበር። መጀመሪያ የወሰዷት ክሊኒክ የደረት ብርድ ነው ብሎ ሽሮፕ ሰጥቶ መለሳት። በሌላ ቀን ግን አንድ የጤና ረዳት ማዳመጫውን በደረቷ ላይ አሳርፎ ብዙ ቆየ፤ ሁለተኛም አዳመጠ። ከዚያም «እናቴ፣ ይህች ልጅ ካርቱም መድረስ አለባት» አላቸው።

እናትዮዋ «ካርቱም ማን አለን?» ብለው እንደ ጠየቁ አጫውተውኛል። መልሱ አንድ ኢጣልያዊ ሐኪም የሠራው ቤት አለ የሚል ነበር።

ወደዚያ ሰው ታሪክ ከመግባቴ በፊት፣ ልጅቱን ያገኛት ነገር ምን እንደ ሆነ ልግለጽ። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህራችን አንድ ቀን ከሥጋ ሻጭ የበግ ልብ አምጥቶ በምላጭ ከፈተልን። በአንድ በኩል ውሃ ሲያፈስስበት ውሃው ወረደ፤ በሌላው በኩል ሲያፈስስበት ግን እንደ መጋረጃ ያሉ ስስ ሥጋዎች ተገጥመው ውሃውን ከለከሉት። ሐኪሞች ቫልቭ የሚሏቸው የልብ በሮች እነዚህ ናቸው፤ ቍጥራቸውም አራት ነው። ልብ በቀን አንድ መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ይመታል፤ በሮቹም በየምቱ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። አንዳንድ የጉሮሮ ሕመም የሚመጣው ስትሬፕቶኮከስ ከሚባል ተሐዋሲ ነው። ሰውነት ይህን ጠላት ሊዋጋ ሲነሣ አንዳንድ ጊዜ ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያና የራሱን የልብ በሮች ይወጋል። የመገጣጠሚያው እብጠት ጠባሳ ሳይተው ያልፋል፤ የልቡ ቍስል ግን እየጠነከረና እየተኮማተረ ይሄዳል። በሩ ወይ በደንብ አይከፈትም፣ ወይ በደንብ አይዘጋም። በሽታው ሩማቲክ የልብ በሽታ ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከአምስት እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ሲሆን፣ የሚበረታውም ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ተጨናንቆ በሚያድርበት ስፍራ ነው። በዓለም ላይ ከ40 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ይህን በሽታ ይዘው ይኖራሉ፤ በባለጸጎቹ አገሮች ግን ጠፍቷል ለማለት ጥቂት ይቀረዋል።

አሁን ወደ ሐኪሙ ልመለስ። ዶክተር ሉዊጂ ስትራዳ፣ ዓለም ጂኖ ብሎ የሚጠራቸው፣ በ1948 በሚላኖ አጠገብ በምትገኘው ሴስቶ ሳን ጆቫኒ በምትባል የፋብሪካ ከተማ ተወለዱ። በሚላኖ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በ1978 ተመረቁ፤ ቀጥሎም የድንገተኛ ቀዶ ጥገና ትምህርት ፈጸሙ። ብዙ ሰው በዚህ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ ቤት ይሠራል፣ ትዳር ይይዛል። የልብን ሥራ ለሚሻ ሐኪም ግን ይህ ገና መግቢያው ነው።

የልብ ሐኪም ሲባል ሁለት ዐይነት ባለሙያ መኖሩን ማወቅ ይገባል። አንደኛው በማዳመጫ፣ በመሣሪያና በመድኃኒት ልብን የሚመረምርና የሚያክም ነው፤ ሁለተኛው በቢላዋ ደረት ከፍቶ የሚጠግን ነው። ሁለቱም ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ሕክምና ይማራሉ። ከዚያም የመጀመሪያው ሦስት ዓመት ያህል የውስጥ ደዌ ወይም የሕፃናት ሕክምና፣ በላዩም ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የልብን ብቻ ይጨምራል፤ የሁለተኛው የቀዶ ጥገና ትምህርት ከዚህም ይረዝማል። በጠቅላላው ከዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ወዲህ ከዐሥራ አንድ እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል መሆኑ ነው።

ስለ ማዳመጥ ከተነሣ፣ አማርኛ በመማር ላይ ላሉት አንባቢዎች አንድ ነገር ላንሣ። በቋንቋችን ልብ ማለት ደም የሚገፋው ሥጋ ብቻ አይደለም። «ልብ አለው» ቢሉ ደፋር ነው ማለት ነው፤ «ልብ አድርግ» ቢሉ አስተውል ማለት ነው። በዚህም ላይ ብዙ በሽተኛ «ልቤን አመመኝ» እያለ እጁን ከጨጓራው ላይ ያኖራል። በአፍ መፍቻዬ በትግርኛም ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። ስለዚህ በመዝገበ ቃላት ብቻ የሚሄድ የውጭ አገር ሐኪም የጨጓራውን በሽተኛ ለልብ፣ የልቡን በሽተኛ ለጨጓራ ያክማል። «በጣትዎ ያሳዩኝ» የምትለው ዐረፍተ ነገር በአገራችን ለሚሠራ ሐኪም ከብዙ መሣሪያ ትበልጣለች።

ዶክተር ስትራዳ በ1980ዎቹ ዓመታት ወደ አሜሪካ ተሻግረው አራት ዓመት ያህል በስታንፎርድና በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲዎች ልብን፣ እንዲሁም ልብንና ሳንባን አንድ ላይ የመተካት ቀዶ ጥገና ተማሩ። በዚያ ዘመን ከዚህ የበለጠ ረቂቅ የቀዶ ጥገና ሥራ አልነበረም ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። የስታንፎርድ ሐኪሞች በ1981 የአንድን ሰው ልብና ሁለቱን ሳንባዎች በአንድ ጊዜ ተክተው በሽተኛውን በሕይወት ለማቆየት ከዓለም የቀደሙ ነበሩ። ከዚያም ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው በሄርፊልድ ሆስፒታል፣ ቀጥለውም በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን ከተማ በግሩት ስኩር ሆስፒታል ሠለጠኑ። ግሩት ስኩር ማለት ዶክተር ክርስቲያን ባርናርድ በታኅሣሥ 1967 ለመጀመሪያ ጊዜ የሰውን ልብ ወደ ሌላ ሰው ያዛወሩበት ሆስፒታል ነው። በሽተኛው ከዚያ በኋላ የኖረው 18 ቀን ብቻ ቢሆንም ዓለም ሁሉ ጉድ ብሏል።

ስለ ሄርፊልድ ጥቂት መጨመር አለብኝ፤ ነገሩ ወደ አዲስ አበባ ስለሚያደርሰን ነው። ያንን ሆስፒታል ስመ ጥር ያደረጉት በ1935 ከካይሮ ብዙ በማትርቅ ቢልቤስ በምትባል ከተማ የተወለዱት ግብጻዊው ሰር መግዲ ያዕቆብ ናቸው። አባታቸውም የቀዶ ጥገና ሐኪም ነበሩ። አክስታቸው ገና በወጣትነት ዕድሜ የልብ በር በመጥበቡ ምክንያት ስለ ሞተች፣ የልብ ሐኪም ለመሆን የወሰኑት በዚያ ኀዘን መሆኑን ራሳቸው ተናግረዋል። የአክስታቸው ሕመም የጎረቤቴ ልጅ ሕመም መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ከካይሮ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ተመርቀው ወደ እንግሊዝ ሄዱ፤ በ1995ም ቼይን ኦፍ ሆፕ የተባለውን የበጎ አድራጎት ማኅበር አቋቋሙ። ይህ ማኅበር የልብ ሕመም ያለባቸውን የድኾች አገር ሕፃናት የሚረዳ ሲሆን፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ በ2009 የተከፈተው የልብ ማዕከል ሲቋቋም ከረዱት አንዱ ነው።

ያንን ማዕከል ለማቋቋም ዋነኛውን ድካም የደከሙት ግን የሕፃናት የልብ ሐኪም የሆኑት ዶክተር በላይ አበጋዝ ናቸው። በ1989 የኢትዮጵያ ሕፃናት ልብ ሕመምተኞች መርጃ ማኅበርን መሠረቱ። ማኅበሩ በመጀመሪያ ሕፃናትን ለቀዶ ጥገና ወደ ውጭ አገር ይልክ ነበር፤ ሃያ ዓመት ቆይቶ ማዕከሉ በአገር ውስጥ ተከፈተ። ለብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገናውን የሚያደርጉት ከውጭ አገር ለጥቂት ቀናት እየመጡ የሚመለሱ ሐኪሞች ነበሩ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ራሳቸው ልብ እየከፈቱ ያክማሉ፤ ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች ግን በሺህ ይቈጠራሉ።

ዶክተር ስትራዳ ይህን ሁሉ ትምህርት ከፈጸሙ በኋላ በትልቅ ከተማ ተቀምጠው በክብርና በገንዘብ ሊኖሩ ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን በ1989 ወደ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ገብተው የጦር ሜዳ ቀዶ ሐኪም ሆኑ። እስከ 1994 ድረስ በፓኪስታን፣ በኢትዮጵያ፣ በአፍጋኒስታን፣ በሶማልያ፣ በጂቡቲና በቦስንያ ሠርተዋል። ልብና ሳንባ መተካት የተማረ እጅ የፈንጂ ቍስል ሲያጥብና እግር ሲቈርጥ ዋለ ማለት ነው። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ትምህርቱ የባከነ መስሎኝ ነበር።

በ1994 ከባለቤታቸው ከመምህርት ቴሬዛ ሳርቲ ጋር ኤመርጀንሲ የተባለውን ድርጅት በሚላኖ መሠረቱ፤ የመጀመሪያ ሥራቸውም በሩዋንዳ ነበር። ከዚያ በኋላ ዐሥራ ሦስት ዓመት ቆይቶ ያ የተረሳ የመሰለ የልብ ትምህርት ቦታውን አገኘ። በ2007 ከካርቱም በስተ ደቡብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በጥቁር ዐባይ ዳር፣ ሶባ በሚባል ስፍራ የሰላም የልብ ቀዶ ጥገና ማዕከል ተከፈተ። ሕክምናው ለማንም ሰው፣ ከየትም አገር ቢመጣ፣ ያለ ዋጋ ነበር። ሦስት የቀዶ ጥገና ክፍሎችና 63 አልጋዎች ነበሩት። የአሸዋው ነፋስ ወደ በሽተኛው እንዳይደርስ አየሩ በምድር ውስጥ በተሠራ ጠመዝማዛ መተላለፊያ እየዞረ አቧራውን ያራግፋል፤ ማቀዝቀዣውም በፀሓይ ኃይል ይሠራል። የሕንፃው ዕቃ የመጣባቸው የብረት ኮንቴነሮች እንኳ ሳይጣሉ የሠራተኞች መኖሪያ ሆነዋል። ሕንፃው በ2013 የአጋ ኻንን የሥነ ሕንፃ ሽልማት ተቀብሏል። ዶክተር ስትራዳ ራሳቸውም በዚያ ቀዶ ጥገና ያደርጉ ነበር፤ የሱዳን ወጣት ሐኪሞችና አስታማሚዎችም ከውጭ አገሮቹ ባለሙያዎች ጎን እየሠሩ ይማሩ ነበር።

አንዳንድ ሰዎች ተቃውመዋል። በአንድ የልብ ቀዶ ጥገና ወጪ ስንት ሕፃን ይከተብ ነበር፣ ድኻ አገር ከቀላሉ ይጀምር የሚል ነው ክርክሩ። ዶክተር ስትራዳ ግን አንድ ሆስፒታል ደኅና መሆኑ የሚታወቀው የራስህን ልጅ ወይም የራስህን ወንድም ያለ ፍርሃት የምታስተኛበት ሲሆን ነው ይሉ ነበር። እኔ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሒሳብ መዝገብ ያገላበጥሁ ሰው ስለሆንሁ የተቃዋሚዎቹን ነገር ከንቱ ነው አልልም። ነገር ግን ጀሪካን አስቀምጣ የምታርፈውን ልጅ ካየሁ ወዲህ፣ ለእርሷ ክትባቱ ቀድሞ ነበር ብሎ የሚነግራት ማን እንደ ሆነ አላውቅም።

ልጅቱ በ2022 ሶባ ደረሰች። በድምፅ ሞገድ የልብን ሥዕል በሚያሳየው መሣሪያ ተመረመረች፤ በግራ በኩል ያለው በር ጠብቦም ላልቶም ተገኘ። የቀዶ ጥገናው ነገር በጥቂቱ እንዲህ ነው። ደረት መካከሉን ይከፈታል። ደሙ በቱቦ ወጥቶ ልብንና ሳንባን ተክቶ ወደሚሠራ መኪና ይገባል፤ በዚያም ንጹሕ አየር ተቀብሎ ወደ ሰውነት ይመለሳል። ይህን መኪና በሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚገባ የሠሩበት አሜሪካዊው ዶክተር ጆን ጊቦን ሲሆኑ፣ ሃያ ዓመት ያህል ደክመውበት በ1953 የአንዲት የ18 ዓመት ወጣት ልብ ጠገኑ። መኪናው ሥራውን ሲረከብ ልብ በመድኃኒት ይቆማል። ሐኪሙ በማይመታ ልብ ላይ የተበላሸውን በር ይጠግናል፣ መጠገን ካልቻለም ቆርጦ አውጥቶ ሰው ሠራሽ በር ይሰፋበታል። ልቡ እንደ ገና እስኪመታ ድረስ ያለው ጊዜ የሐኪሙ ብቻ አይደለም። አደንዛዡ አለ፣ መኪናውን የሚቆጣጠረው አለ፣ መሣሪያ የምታቀብለው አለች፣ ሌሊቱን ሙሉ ከአልጋው የማይለዩት አስታማሚዎች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል የሐኪሙ የዐሥራ አምስት ዓመት ትምህርት ዋጋ የለውም። በእኔ ግምት ዶክተር ስትራዳን የሚያስመሰግናቸው ትልቁ ነገር ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር በሱዳን ማሰባሰባቸው ነው።

ለልጅቱ ሰው ሠራሽ በር ገባላት። በዚህ ዐይነት በር ላይ ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚባል ኪኒን በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ መዋጥ ግዴታ ነው። መጠኑ ቢያንስ ደም ይረጋል፤ ቢበዛ ደም ይፈስሳል። ስለዚህ ደሟ በየጊዜው መመርመር አለበት። ባል በምታገባበትና በምታረግዝበት ጊዜም ኪኒኑ ፅንሱን ሊጎዳ ስለሚችል፣ አስቀድማ ከሐኪም ጋር መመካከር ይኖርባታል፤ እናቷም ይህን ከአሁኑ ያውቁታል።

ዶክተር ስትራዳ በ2015 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን የስዊድን ሽልማት ተቀብለው፣ በነሐሴ 2021 በፈረንሳይ አገር ዐረፉ። በሚያዝያ 2023 በካርቱም ጦርነት ተነሣ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ዋድ መደኒ ስትያዝ ከገዳሪፍ ወደ ካርቱም የሚወስደው ዋናው መንገድ ተቆረጠ፤ ሸሽቶ የመጣውም ሕዝብ በገዳሪፍና በኸሽም ኤል ቂርባ በየትምህርት ቤቱ ሠፈረ። በዚያ ሰሞን ኪኒኑ ጠፍቶ ልጅቱ ሦስት ቀን ያለ መድኃኒት ቆየች። እናትዮዋ በአራተኛው ቀን ገዳሪፍ ወርደው ከአንድ መድኃኒት ቤት አገኙ። ዋጋውን ሲነግሩኝ ቀለበታቸውን እንደ ሸጡ ከጣታቸው አየሁ፤ እርሳቸው ግን አልነገሩኝም።

የሰፈራችን እናቶች ከዚህች ልጅ በኋላ አንድ ነገር ለውጠዋል። የልጅ ጉሮሮ ሲያም ወደ እንጥል ቆራጭ ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ ይወስዱታል። ተሐዋሲው በፔኒሲሊን ይሞታል፤ ዋጋውም አነስተኛ ነው። አንድ ጊዜ መገጣጠሚያው ያበጠ ልጅ ደግሞ በሽታው እንዳይመለስበት በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት ይወጋል። የልጅቱ ታናሽ ወንድም አምና ጉልበቱ ሲያብጥ የጤና ረዳቱ ወዲያው ይህንኑ አስጀምሮታል። እናትዮዋ ማንበብ ስለማይችሉ በየመርፌው ቀን ከምሰሶው ላይ በከሰል አንድ መስመር ያሰምራሉ። ባለፈው እሑድ ስቈጥር መስመሩ ዐሥራ አንድ ደርሷል።

በዚያው እሑድ ቡና ጠርተውኝ ልጅቱ ስታፈላ ቆየን። ቤቱ ጸጥ ባለ ጊዜ አንድ ነገር እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ሲል ሰማሁና ዙሪያዬን ተመለከትሁ። ሰዓት አልነበረም። እናትዮዋ ገብቷቸው፣ «ወንድሜ፣ የእርሷ ልብ ነው። ብረቱ ሲዘጋ ይሰማል። ድሮ ሌሊት ሌሊት ትንፋሿን ስቈጥር ነበር የማድረው፤ አሁን ይህን እሰማና እተኛለሁ» አሉኝ።

ልጅቱ ከጀበናው ቀና ብላ፣ «እናቴ ገንዘብ ሳታወጣ ሰዓት አገኘች» ብላ ሳቀች፤ ሁለተኛውንም ቡና ቀዳችልኝ።